ሻማና መስኮት፡ የሁለት ቃላት ጉዞ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

  

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ቃል ነው። በየሱቁ መደርደሪያ የምትገኝ፣ መብራት ሲጠፋ በየቤቱ የምትጠራ ቃል ናት። ሻማ ትባላለች። ስለዚህች ቃል እንድናስብ ያደረገን በጂጂጋ ከተማ በአንድ የቁርኣን ማስተማሪያ ውስጥ በመግሪብና በዒሻ መካከል የሆነ ነገር ነው።

ልጆቹ ሰሌዳቸውን ይዘው እየቀሩ ሳለ መብራት ጠፋ። በጨለማው ውስጥ አንድ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ «ኡስታዝ፣ ሻማ ይምጣ?» አለ። ከፍ ያለው ደረሳ ሳቀና «ይሄ የቁርኣን ቤት ነው፤ በዓረብኛ ተናገር እንጂ! አማርኛህን ከውጭ ተወው» አለው። ሌሎቹም ተከትለው ሳቁ። ልጁ ዝም አለ። በዚያች ምሽት ዳግመኛ ድምፁን አሰምቶ አልቀራም።

እኛም ዝም አልን። የሳቁትን አልገሰጽንም፤ የተሳቀበትንም አላጽናናንም። ሻማው መጣ፣ ተለኮሰ፣ ትምህርቱ ቀጠለ። ወደ ቤታችን ስንመለስ ግን ነገሩ ከነከነን። ምክንያቱም ልጁ የተናገራት ቃል ራሷ ዓረብኛ ነበረች። የሳቀው ሳያውቅ ሳቀ፤ የተሳቀበትም ሳያውቅ አፈረ። የምናውቀው እኛ ደግሞ ዝም አልን። ይህ ንግግር ለዚያ ዝምታችን ማካካሻ ይሁንልን።

ቃሏ በተወለደችበት ቤት

በዓረብኛ «ሸምዕ» ማለት ሰም ነው፤ ንብ የምትሠራው፣ ማሩ ሲጨመቅ የሚቀረው ማለት ነው። ዓረብኛ የአንድን ነገር ጠቅላላ ስም ወስዶ መጨረሻው ላይ አንዲት ታእ ሲጨምርበት «አንዱ» የሚል ትርጉም ይሰጣል። «ተምር» ቴምር በጠቅላላው ነው፤ «ተምራ» ግን አንዲት ፍሬ ቴምር ናት። እንደዚሁ «ሸምዕ» ሰም ሲሆን «ሸምዓ» ደግሞ አንዲት ሻማ ትሆናለች።

የዓረብኛ ሊቃውንት በዚህች ቃል አነባበብ ላይ ሳይቀር ተነጋግረዋል። በ207 ዓ.ሂ የሞተው የነሕው ሊቅ አል-ፈራእ፣ የጥንት ዓረቦች አነጋገር ሚሟን በፈትሓ «ሸመዕ» ማለት እንደሆነ፣ በሱኩን «ሸምዕ» የሚሉት ግን በኋላ የመጡት እንደሆኑ ተናግሯል። በ711 ዓ.ሂ የሞተው ኢብኑ መንዙር «ሊሳኑል ዐረብ» በተሰኘው ታላቅ መዝገበ ቃላቱ ቃሉን ሲፈታው «ሙም» በሚል ቃል ይፈታዋል። «ሙም» ደግሞ ሰም ማለት ሆኖ የፋርስ ቃል ነው። እንግዲህ አስተውሉ! በዓረብኛ ከተጻፉት መዝገበ ቃላት ታላላቆቹ ውስጥ የሚቆጠረው እንኳ የዓረቡን ቃል ለማስረዳት የጎረቤትን ቃል ለመዋስ አላፈረም።

ጉዞ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ

እስልምና ወደ ፋርስ ሲገባ «ሸምዕ» የምትለው ቃልም አብራ ገባች። ፋርሶች ተቀበሏትና የራሳቸውን «ዳን» የምትል ቅጥያ ጨመሩባት። «ዳን» መያዣ፣ ማስቀመጫ ማለት ነው። «ሸምዕዳን» የሻማ ማስቀመጫ ሆነ። ከፋርስ ወደ ቱርክ አልፎ «ሻምዳን» ተባለ። ኦቶማኖችም እስከ ባልካን አገሮች አደረሱት፤ የቦስኒያ ሙስሊሞች ዛሬም በዚሁ ስም ይጠሩታል።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ይህ ነው። ዓረቦች ራሳቸው የሻማ ማስቀመጫን ዛሬ «ሸምዓዳን» ይሉታል። ልጃቸው ወደ ፋርስ ሄዳ፣ አግብታ፣ የባሏን ስም ይዛ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች እንደ ማለት ነው። አባቷም «ይህች የእኔ አይደለችም» ብሎ በር አልዘጋባትም።

በደቡብ በኩል ደግሞ የባሕር ነጋዴዎች ቃሏን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ አደረሷት። ስዋሂሊዎች «ምሹማ» አሏት። ወደ እኛው አካባቢ ስንመጣ በሱማልኛ «ሹማዕ» ትባላለች። በትግርኛ «ሽምዓ»፣ በኦሮምኛና በአማርኛ «ሻማ» ናት። ከጂጂጋ ወደ አውበሬና ወደ ሸደር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ ሱቅ ቆማችሁ ብታዳምጡ፣ አንዱ ገዢ በሱማልኛ፣ ሌላው በአማርኛ፣ ሦስተኛው በኦሮምኛ ይጠይቃል፤ ባለ ሱቁ ግን ለሦስቱም አንዱን ካርቶን ይከፍታል። ሦስቱም የጠሩት አንድ ቃል ነውና።

ታዲያ ለምን ተለያዩ? ልዩነታቸው «ዐይን» በምትባለው የጉሮሮ ፊደል ላይ ነው። ሱማልኛና ትግርኛ ይህችን ድምፅ እስከ ዛሬ ጠብቀዋታል። አማርኛ ግን ፊደሏን ሲጽፋት እንጂ ሲናገራት ትቷታል። ለአማርኛ ተናጋሪ «ዐ» እና «አ» በአፍ አንድ ናቸው። ስለዚህ «ሸምዓ» ወደ አማርኛ ስትገባ ዐይኗን ጥላ «ሻማ» ሆነች። የቁርኣን መምህራን ሁሉ ይህን ያውቁታል፤ አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ዐይንን በትክክል እንዲያወጣ ለማድረግ የምንደክመው ድካም ከዚሁ የመጣ ነውና።

ሰም፡ በቤት የቆየው ዘመድ

ይሁንና ታሪኩ በዚህ አያበቃም። አማርኛ «ሻማ»ን ከመቀበሉ በፊት ከዚሁ ሥር የሆነ ሌላ ቃል ነበረው። እርሱም «ሰም» ነው። በግዕዝ «ሠምዕ» ይባል ነበር።

«ሸምዕ» እና «ሠምዕ»ን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የሚለያዩት በመጀመሪያው ፊደል ብቻ ነው። ይህም በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ዓረብኛና ግዕዝ ከአንድ የሴማዊ ቋንቋዎች ቤተሰብ የወጡ ናቸው። በጥንቱ ቋንቋ የነበረች አንዲት ድምፅ በዓረብኛ «ሸ» ስትሆን በግዕዝ «ሠ» ሆናለች። ለምሳሌ ዓረብኛ አሥርን «ዐሽር» ሲል ግዕዝ «ዐሥሩ» ይላል። ዓረብኛ «ከርሽ» ሲል ግዕዝ «ከርሥ» ይላል፤ እኛም በአማርኛ ሆድን «ከርስ» እንላለን። «ሸምዕ» እና «ሠምዕ»ም በዚሁ ሕግ የሚሄዱ ናቸው።

ስለዚህ አማርኛ አንዱን ሥር በሁለት በር አስገብቶታል። «ሰም» በዝምድና በር የገባ የጥንት የቤት ልጅ ነው። «ሻማ» ደግሞ በኋለኛው ዘመን ከዓረብኛ በእንግድነት የመጣች ናት። እንግዳዋ ስትመጣ ባለቤቱን ከቤቱ አላስወጣችውም። ሥራ ተከፋፈሉ፤ ጥሬ ዕቃው «ሰም»፣ ተሠርቶ የሚበራው «ሻማ» ተባለ። በክር ላይ በቀጭኑ የተነከረውም «ጧፍ» የሚለውን የራሱን ስም እንደያዘ ቀረ።

ይህች እንግዳ የመጣችበት በር የንግድ በር ለመሆኑ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ከኢትዮጵያ ደጋ የሚነሱ የሲራራ ነጋዴዎች በምጽዋ፣ በዘይላና በበርበራ በኩል ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ሲያወርዱ ሰምም በጭነታቸው ውስጥ ነበር። አገራችን ዛሬም በአፍሪካ ቀዳሚዋ የሰም አምራች ናት። ከሐረር በጂጂጋ ሜዳ አልፎ ወደ በርበራ የሚወርደው መንገድ የዚህ ንግድ አንዱ ጎዳና ነበር። ከጠረፉም ጨርቅ፣ ቴምርና ልዩ ልዩ ዕቃ ከነስሙ ይመጣ ነበር። በአጭሩ ሰሙ ከእኛ ወጣ፣ ስሙ ወደ እኛ ገባ።

የብርሃን ስሞች ሁሉ መንገደኞች ናቸው

ይህ ነገር በሻማ ብቻ የሆነ አይምሰላችሁ። በአልጄሪያ ጠረፍ ቢጃያ የምትባል ከተማ አለች። የሐማዲዮች መናገሻ የነበረች፣ በዑለማዎቿና በንግዷ የታወቀች የሙስሊሞች ወደብ ናት። ጣልያናዊው የሒሳብ ሊቅ ፊቦናቺ በልጅነቱ የሒሳብን አኀዞች የተማረው በዚያች ከተማ ነበር። በ1202 እ.ኤ.አ በጻፈው መጽሐፍም እነዚያን አኀዞች ለአውሮፓውያን አስተዋውቋል። ከቢጃያ ወደብ ወደ አውሮፓ ከሚጫነው ዕቃ አንዱ ደግሞ ሰም ነበር። በዚህም ምክንያት ፈረንሳዮች ሻማን በከተማዋ ስም «ቡዢ» ብለው ጠሩት። ዛሬ በፓሪስ ሻማ የሚለኩስ ሰው የአንዲት የሙስሊም ከተማን ስም እየጠራ መሆኑን ላያውቅ ይችላል።

«ቀንዲል»ንም እንመልከት። መሠረቱ የላቲን «ካንዴላ» ነው። ወደ ግሪክ ገባ፤ በሶሪያ በኩልም ዓረቦች ዘንድ ደርሶ «ቂንዲል» ተባለ። ስለ ሹሀዳዎች ነፍስ በሚናገረው የሶሒሕ ሙስሊም ሐዲስ ከዐርሽ ሥር የተንጠለጠሉት መብራቶች የተጠሩት በዚሁ ቃል ነው። ከዚያም ወደ ግዕዝና ወደ አማርኛ ዘልቆ «ቀንዲል» ሆነ። ዘመናት አለፉና ጣልያኖች ያንኑ «ካንዴላ» ከመኪና ጋር አመጡት። የጂጂጋ የባጃጅ ሹፌር ሞተሩ እንቢ ሲለው «ካንዴላው ተበላሽቷል» ይላል። በአንድ አፉ «ካንዴላ»፣ በመስጂድ ደግሞ «ቀንዲል» ይላል። ሁለቱ ግን መንታ ናቸው። «ፋኖስ»ም ቢሆን ከግሪክ ተነሥቶ በዓረብኛ በኩል የደረሰን ነው።

የሄደችው የእኛዋ ቃል

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እስካሁን ከሌላው የተቀበልነውን ቆጠርን። ከእኛስ የሄደ የለምን?

በሱረቱ ኑር 35ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) ስለ ብርሃኑ ምሳሌ ሲናገር ሦስት ነገሮች ተጠቅሰዋል፤ «ሚሽካት»፣ «ሚስባሕ» እና «ዙጃጃ»። «ሚስባሕ» መብራቱ ነው። «ዙጃጃ» መስተዋቱ ወይም ብርጭቆው ነው። መብራቱ የሚቀመጥባት «ሚሽካት»ስ? ሙፈሲሮች በግድግዳ ላይ ተቦርቡራ ወደ ማዶ ያልዘለቀች ክፍተት ናት ይላሉ። የሐረር ጀጎልን የድሮ ቤቶች ያየ ሰው በቀላሉ ይገባዋል፤ በግድግዳቸው ውስጥ ዕቃ የሚቀመጥባቸው እንዲህ ያሉ ክፍተቶች አሏቸው። መብራት በእንዲህ ያለ ቦታ ሲቀመጥ ብርሃኑ ይሰበሰባል፤ ነፋስም አይደርስበትም።

ኢማም አል-ቡኻሪ በሶሒሓቸው በተፍሲር ምዕራፍ፣ በዚህች ሱራ ሥር፣ ሰዕድ ኢብኑ ዒያድ የተባለውን ቀዳሚ ሰው ጠቅሰው «ሚሽካት» በሐበሻ ቋንቋ የግድግዳ ክፍተት እንደሆነች አስፍረዋል። በ911 ዓ.ሂ የሞቱት ኢማም አስ-ሱዩጢም ከሌሎች ቋንቋዎች ጋር የሚጋሩ የቁርኣን ቃላትን በሰበሰቡባቸው ሥራዎቻቸው ይህችን ቃል ከሐበሻ ቋንቋ ዘንድ ቆጥረዋታል። ከእስልምና ውጪ ያሉ የሴማዊ ቋንቋ ተመራማሪዎችም በግዕዝ ያለውን ቃል ለይተው ያሳያሉ። ቃሉ «መስኮት» ነው! እኛ በየቀኑ የምንከፍተውና የምንዘጋው መስኮት ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መመለስ ይገባናል። ቁርኣን በጥርት ያለ ዓረብኛ የወረደ አይደለምን? ነው እንጂ። ኢማም አሽ-ሻፊዒይና ኢማም አጥ-ጠበሪ በቁርኣን ውስጥ ዓረብኛ ያልሆነ ቃል የለም ብለው ጽኑ አቋም ይዘዋል። ሌሎች ደግሞ ከሶሐቦችና ከታቢዒኖች የተላለፉትን የቃላት ማብራሪያዎች ይዘው አሉ ብለዋል። በ224 ዓ.ሂ የሞቱት አቡ ዑበይድ አል-ቃሲም ኢብኑ ሰላም ሁለቱን አስታረቁ። እንደ እርሳቸው አባባል ቃላቱ በመሠረታቸው ከሌሎች ሕዝቦች የመጡ ናቸው። ዓረቦች ግን ቁርኣን ከመውረዱ በፊት ተቀብለው በአፋቸው አለዝበዋቸዋል፤ ስለዚህ ቁርኣን ሲወርድ ዓረብኛ ነበሩ። «ዓረብኛ ናቸው» ያለውም ልክ ነው፤ «የሌላ ናቸው» ያለውም ልክ ነው። ይህ እንዴት ያለ ያማረ ፍርድ ነው! ለ«ሻማ»ም ይሠራል። «ሻማ» በመሠረቷ ዓረብኛ ናት፤ ዛሬ ግን አማርኛ ናት።

ቀጥሎ የሆነውን ደግሞ ስሙ። ሼኽ ሰዒድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ የቁርኣንን ትርጉም በአማርኛ አዘጋጅተው በ1961 ዓ.ም ታተመ። ለ«ሚሽካት» የመረጡት ቃል «መስኮት» ነው። ያልዘለቀች መሆኗን ለማሳየትም በቅንፍ «ዝግ» የሚል ጨመሩበት። ከሺህ ዓመታት በላይ በዓረብኛ ስትቀራ የኖረችው ቃል ወደ ዘመዷ ደጃፍ ተመለሰች። «ሸምዓዳን» ወደ ዓረቦች እንደተመለሰው ሁሉ «ሚሽካት»ም በ«መስኮት» በኩል ወደ ሐበሻ ምድር ገባች።

ወደዚያ ልጅ እንመለስ

ውድ አድማጮቻችን፣ ይህን ሁሉ የምናወጋችሁ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ያ ልጅ በጨለማው ውስጥ ያፈረው በእናቱ ቋንቋ ነው። ልጅ ከቁርኣን ቤት ደጃፍ ላይ የእናቱን ቋንቋ እንዲጥል ከተነገረው፣ ከቋንቋው ጋር ሌላም ነገር ይጥላል። ወይ ቤቱን ያፍርበታል፣ ወይ የቁርኣን ቤቱን ይሸሸዋል። ሁለቱም ጥፋት ነው።

የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መንገድ እንዲህ አልነበረም። በሶሒሕ አል-ቡኻሪ የኡሙ ኻሊድ ታሪክ አለ። ወላጆቿ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ሙስሊሞች ነበሩ፤ እርሷም እዚያው ሐበሻ ተወልዳ በልጅነቷ ወደ መዲና መጣች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥለት ያላት ትንሽ ጥቁር ልብስ መጣላቸውና ልጅቱን አስጠርተው በእጃቸው አለበሷት። ጥለቱንም እያሳዩ «ሰናህ» አሏት። ይህም በሐበሻ ቋንቋ ያማረ ማለት እንደሆነ በሐዲሱ ላይ ተብራርቷል። ግዕዝ «ሠናይ» የሚለውን የሚያውቅ ሰው ቃሉን ወዲያው ይለየዋል።

ልብ በሉ! ዓረብኛን ከሰው ሁሉ አጥርተው የሚናገሩት መልእክተኛ፣ ቁርኣን በሚወርድባት ከተማ፣ አንዲትን ልጅ ለማስደሰት ባደገችበት አገር ቋንቋ ተናገሯት። እኛ ደግሞ በቁርኣን ቤት ውስጥ አንድ ልጅ በእናቱ ቋንቋ ሲሳቅበት ዝም አልን።

የአካባቢያችን ቀደምት ዑለማዎችም የሄዱት በነቢዩ መንገድ ነው። መቃብራቸው በሐርጌሳና በበርበራ መካከል የሚገኘው ሼኽ ዩሱፍ አል-ከውነይን፣ የሱማሌ ልጆች የዓረብኛን ሐረካት በሱማልኛ ስያሜ እንዲማሩ መንገዱን ያወጡት እርሳቸው እንደሆኑ ሲነገር ኖሯል። ይህ አቆጣጠር እስከ ዛሬ በዱግሲዎቻችን ይሰማል። በወሎ በኩልም እንደ ሼኽ ጦልሓ ኢብኑ ጀዕፈር ያሉ ዑለማእ በዓረብኛ ፊደል የአማርኛ መንዙማ ጽፈው ሕዝቡን አስተምረዋል። ዓረብኛን ከእነርሱ የበለጠ ያከበረ አልነበረም፤ ስላከበሩትም የሕዝባቸውን ቋንቋ አልናቁም። አላህም (ሱ.ወ) በሱረቱ ሩም 22ኛው አንቀጽ የቋንቋዎችንና የመልኮችን መለያየት ከታምራቱ ቆጥሮታል። በታምር ላይ አይሳቅም።

ሶላታችን በዓረብኛ ነው፤ ቂርኣታችንም በዓረብኛ ነው። ይህ አይለወጥም። ልጆቻችን ዐይኑን ከሐምዛው፣ ሓውን ከኻው ለይተው እንዲያወጡ መድከማችንንም አንተውም። ትምህርቱን የሚቀበለው ልብ ግን በእናት ቋንቋ የተከፈተ ልብ ነው። የዚያ ልብ መስኮት ሲዘጋ ሻማ ቢበዛ ምን ይጠቅማል?

በሳምንቱ ልጆቹን ሰብስበን ይህንኑ ታሪክ ነገርናቸው። መጀመሪያ ግን ያን ልጅ በሁሉም ፊት አውፍ እንዲለን ጠየቅነው። ከዚያም «ሻማ» ማለት ምን እንደሆነ፣ «መስኮት» የት እንደደረሰች አስረዳን። የሳቀው ደረሳ አንገቱን ደፋ። ትንሹ ልጅ ግን «ኡስታዝ፣ እኛ ቤት ያለው መስኮት ቁርኣን ውስጥ አለ ማለት ነው?» ሲል ጠየቀን። «ዘመዷ አለች፣ ልጄ» አልነው። ያን ዕለት የቀራው ቂርኣት እስከ ውጭ ይሰማ ነበር።

እናንተም ወላጆች፣ ማታ መብራት ጠፍቶ ሻማ ስትለኩሱ ይህችን ታሪክ ለልጆቻችሁ አውጓቸው። አንዱ ልጅ በሱማልኛ፣ ሌላው በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ይጥራት፤ አያቱ ደግሞ በዓረብኛ። ሁሉም አንዲቷን ይጠራሉ። ከመተኛታችሁ በፊት ግን አጥፏት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስንተኛ መብራትን እንድናጠፋ አዘውናል፤ አይጥ ክሩን ጎትታ ቤቱን በቤተሰቡ ላይ ልታነድ ትችላለችና። ብርሃንም ቢሆን አጠባበቅ ይፈልጋል፤ ቃልም እንዲሁ።

አላህ (ሱ.ወ) ልባችንን በቁርኣን ብርሃን ያብራልን፤ ምላሳችንንም ሰውን ከማሳፈር ይጠብቅልን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።